የፔንሲዮኑ ጣረሞት

ሆላንድ በገባሁበት በመጀመሪያው ክረምት ማዘጋጃ ቤቱ ያሳደረን ስኸቬኒንገን ውስጥ ባለ አሮጌ ፔንሲዮን ነበር። ስኸቬኒንገን ከሄግ መሀል ከተማ በትራም የሚደረስበት የባሕር ዳር ሰፈር ነው። በበጋ በዋናተኛና በጃንጥላ ይጨናነቃል ይሉናል፤ እኛ ያየነው ግን አሸዋውን መንገድ ላይ የሚያንከባልል ነፋስ፣ የተዘጉ አይስክሬም ቤቶችና ቀኑን ሙሉ የማይለወጥ ግራጫ ሰማይ ነው። ቤቱ ጠባብ ሆኖ ወደ ላይ የተመዘዘ፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ፣ ወለሉ በተራመዱበት ቁጥር የሚያቃስት ነበር። ከላይኛው ፎቅ እኛ ስደተኞቹ እንኖራለን፤ ከእኛ በታች እንግዶች ያርፋሉ። እኛም እነሱም ከውጭ የመጣን ነን። "እንግዶች" የምንለው ግን እነሱን ብቻ ነበር። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ እኛው ነን የለየነው።

የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስድሳን ያለፉ፣ በር የሚሞሉ ሴት ነበሩ። ሁላችንም ሜቭራው እንላቸዋለን፤ በሆላንድኛ "እመቤት" እንደ ማለት ነው። ሲያዩአቸው ቁጡ ይመስላሉ፤ ሲቀርቧቸው ግን አይደሉም። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ቢያስጨንቀኝ አንድ ቀን ወጥ ቤታቸው ገብቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ሜቭራው "ተይ"ም "ጎሽ"ም ሳይሉ ሽርጥ አቀበሉኝ። ከዚያ በኋላ የጠዋት ቁርስና የከሰዓት ሻይ ማቅረብ የእኔ ሥራ ሆነ።

ክፍሌን የሚጋሩኝ እትዬ ነበሩ። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ ካርቱም ላይ ተዋውቀን አብረን የመጣን፣ እናቴን የሚያህሉ የደሴ ሰው ናቸው። ማታ ማታ ቢሮ ስለሚያጸዱ ጠዋት አርፍደው ይነሣሉ፤ እንቅልፋቸው ደግሞ የወፍ እንቅልፍ ነው። የመጽሐፍ ገጽ ስገልጥ እንኳ ይባንናሉ።

እኔ ደግሞ ማለዳ ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ቀኑን መጀመር አልችልም። በስደት መንገድ ላይ የያዝኩት ልማድ ነው፤ ከያዝኩት ወዲያ መተው ያስፈራኛል። ክፍላችን ውስጥ ብጸልይ እትዬን እቀሰቅሳለሁ። መስኮታችንም የሚያየው ወደ ባሕሩ፣ ወደ ምዕራብ ነው። በዚያ ቤት ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ያገኘሁት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ በእንግዶቹ መተላለፊያ ጫፍ ላይ ነበር። ስለዚህ ሰው ሳይነሣ ነጠላዬን ከራሴ ተከናንቤ፣ ብርዱ አፍንጫዬን ስለሚቆነድደኝ በጫፉ አፌንም አፍንጫዬንም ሸፍኜ በባዶ እግሬ እወርዳለሁ። መስኮቱ ፊት ቆሜ በሹክሹክታ እደግማለሁ። መብራት አላበራም። መብራቱ በየበሩ ሥር ሾልኮ እንግዶቹን ይረብሻል ብዬ እሰጋለሁ። በዚያ ቤት የኖርኩት ሁሉ እንዲያ ነበር፤ እንደ ተበደረ ሰው፣ በእግሬ ጣቶች ጫፍ።

የፈረንጆቹ ልደት ሲቃረብ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት መጡ። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሆነው ያንን ባሕር ዳር አይተውት ነበርና በየዓመቱ ይመለሱበታል። ባለቤታቸው ትንሽዬ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ሻይ ሳቀርብላቸው ሁልጊዜ ቀና ብለው ያመሰግኑኛል። እኔም በእነሱ ደስ አለኝ። ሆላንድኛው ገና አፌን አልፈታልኝም ነበር፤ እንግሊዝኛ ግን አዲስ አበባ ተምሬያለሁና ከእነሱ ጋር እንደ ሰው አወራለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መስኮቱን እየደበደበ ሻይ ይዤ ወደ ሳሎን ገባሁ። በዚያ ወቅት ገና በጊዜ ይመሻልና ክፍሉ ደብዝዟል። ሜቭራው መብራት ሊያበሩ ሲነሡ ሽማግሌው ከለከሏቸው።

"አያብሩ" አሏቸው። "እኛ አገር ልደት ሲደርስ የጣረሞት ታሪክ ይነገራል። እሱ ደግሞ በመብራት አይሆንም።"

የጌታ ልደት ላይ የሙታን ወሬ ምን እንደሚሠራ ባይገባኝም፣ ሜቭራው "አንቺም ተቀመጪ" ስላሉኝ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነበር። ረግረግ በበዛበት በአገራቸው ዳርቻ አንድ የመንገደኛ ማደሪያ አለ። በረዶ በጣለበት ቀን አንድ ነጋዴ ይደርስና መኝታ ይለምናል። ባለ ማደሪያው "ክፍሎቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ አንዷ ብቻ ቀርታለች፣ እሷን ደግሞ አላከራይም" ይለዋል። "ለምን?" ሲለው "ጣሪያዋ ያፈሳል" ይለዋል። ነጋዴው ለምኖ ይገባል። ጣሪያውን ቀና ብሎ ቢያይ ደረቅ ነው። ይስቅና ይተኛል። ሊነጋጋ ሲል ከበሩ ውጭ ሹክሹክታ ይሰማል። ቢከፍት፣ በመተላለፊያው ጫፍ ነጭ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታው መስኮቱን እያየች ታንሾካሽካለች። የቤቱ ሠራተኛ መስላው "ማነሽ አንቺ?" ይላታል። ሹክሹክታው ቀጥ ይላል።

ሽማግሌው እዚህ ላይ ሲደርሱ ሻያቸውን አንሥተው ፉት አሉ።

"ከዚያ ዞረች" አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሲነጋ ባለ ማደሪያው በሩን ሲከፍት ነጋዴው ወለሉ ላይ ተቀምጦ እሱም ያንሾካሽካል። ምን እንደሚል ግን እስከ ዕለተ ሞቱ የለየለት ሰው የለም።"

ሜቭራው ደረታቸውን ይዘው "ኧረ በስመ አብ" የሚመስል ነገር በሆላንድኛ አሉ። የሽማግሌው ባለቤት ሻርፓቸውን ጠበቅ አደረጉ። እኔ ግን ታሪኩ ያለቀ አልመሰለኝም።

"ከዚያስ?" አልኩ። "ቄስ አልጠሩም? ጠበል አልረጩትም?"

ሦስቱም ዞረው አዩኝና ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ሽማግሌው እንዲያውም "ከተማሪዎቼ አንድም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም" ብለው አሞገሱኝ። እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ለካ ሰው የሚፈራው ደስ እንዲለው ነው፤ መድኃኒቱን መጠየቅ ጨዋታ ማበላሸት ነው። ኩባያዎቹን ሰብስቤ ወጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ ስወርድ እኔም ፈርቼ ነበር። ይህን እዚያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። መተላለፊያው ጨለማ ነው፤ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል፤ የሽማግሌው ነጭ ለባሽ ሴት ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል። ስለዚህ ከወትሮው ፈጠን ብዬ፣ ድምፄንም ትንሽ ከፍ አድርጌ እደግም ጀመር። ውዳሴውን ገና ሳላጋምስ ከጀርባዬ በር ሲከፈት ሰማሁ። በዚያ ፔንሲዮን ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ እንግዶች በሌሊት ልብሳቸው ብቅ ይላሉ። ይህን አስቤ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ሙት መጣብኝ ብዬ ነው።

የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ "ማነው እዚያ?" አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

ከድንጋጤ የተነሣ ጸሎቴ ቀጥ አለ። ከዚያ ዞርኩ።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። የሽማግሌው ባለቤት ነበሩ። ወደ ኋላ ሲሸሹ ምንጣፉ አደናቀፋቸው፤ ከበሩ መቃን ጋር ተላትመው በእጃቸው ላይ ወደቁ። ሮጬ ላነሣቸው ሲገባኝ እግሬ ወደ ሌላ ወሰደኝ። ደረጃውን በአራት እግሬ የወጣሁት ይመስለኛል። ክፍላችን ገብቼ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቆምኩ።

እትዬ ቀድሞውንም ነቅተው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ምን ሆነሽ? የማን ጩኸት ነው?"

ነገርኳቸው። መጀመሪያ አፋቸውን በብርድ ልብስ አፍነው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ከታች የእርምጃ ኳኳታና የሜቭራውን ድምፅ ሲሰሙ ሳቃቸውን አቆሙ።

"በይ ውረጂ" አሉኝ።

"እትዬ፣ እንዴት ብዬ? ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!"

"መሬት የምትውጥሽ ፎቅ ላይ ቆመሽ ነው? ውረጂና እኔ ነኝ በያቸው። ሴትዮዋ ጣረሞት አየሁ ብለው ልባቸው ቢቆም ምን ይውጥሻል?"

ወረድኩ። ወጥ ቤቱ በርቷል። የሽማግሌው ባለቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው የእጃቸው አንጓ በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልሏል፤ ፊታቸው ነጭ ወረቀት መስሏል። ሽማግሌው በፒጃማ ከአጠገባቸው ተንበርክከዋል። ሜቭራው ስልክ ይዘው ሐኪም ይጠራሉ። እኔ በሩ ላይ ስደርስ ባለቤታቸው እየተናገሩ ነበርና አላዩኝም።

"ነጭ ልብስ ብቻ ነው" ይላሉ። "ውስጡ ማንም የለም። ሲዞር አየሁት እኮ። ፊት አልነበረውም። እመነኝ፣ ፊት አልነበረውም።"

ነጠላዬ እጄ ላይ እንዳለ ቆምኩ። ለመመለስ አስቤ ነበር። ሜቭራው ግን አዩኝ፤ ነጠላውን አዩ፤ ባዶ እግሬን አዩ። ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት።

"እኔ ነኝ" አልኩ በእንግሊዝኛ። "እየጸለይኩ ነበር። ይቅርታ።"

ሽማግሌው ከጭንቀት እንደ ወጣ ሰው ሳቅ ጀመሩ፤ የባለቤታቸውን ፊት ሲያዩ ግን ዋጡት። ሴትዮዋን አላሳቃቸውም። ትክ ብለው አዩኝ። ዓይኔን፣ አፍንጫዬን፣ አፌን አንድ በአንድ። የተናገሩትን እንደ ሰማሁ ገባቸው። ከአንገታቸው ጀምሮ ቅላት ወጣና ያ ነጭ ፊታቸው በአንድ ጊዜ ፍም መሰለ። ወደ ወለሉ አቀረቀሩ። እኔም አቀረቀርኩ። ሁለታችንም ባዶ እግሬን እናይ ነበር።

"ለምንድነው መብራት የማታበሪው?" አሉኝ ሜቭራው።

"እንግዶቹን እንዳልረብሽ።"

ሜቭራው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "ልጄ" አሉ፤ "ብታበሪው ይሻል ነበር።"

የሽማግሌው ባለቤት የእጅ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ከሆስፒታል በጄሶ ታስረው ተመለሱ፤ የመንገድ ዕቅዳቸውም ተበላሽቶ ከፔንሲዮኑ ሳይወጡ ሰነበቱ። ላይኛው ፎቅ ያሉት ስደተኞች ወሬውን ሲሰሙ ቀልድ አገኙ። ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ "ኧረ መጣች! በስመ አብ በሉ!" እያሉ ግድግዳ ይለጠፋሉ። አብሬያቸው እስቃለሁ። ለብቻዬ ስሆን ግን የምሰማው "ፊት አልነበረውም" የሚለውን ቃል ነው። መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ቆሜ ነጠላዬን ተከናንቤ መብራቱን አጥፍቼ አይቻለሁ። እውነትም ፊቴ አይታይም። እውነት መሆኑ ደግሞ ነገሩን አላቀለለልኝም። ሴትዮዋ አልዋሹም፤ ክፉም አልተናገሩም፤ ፈርተው ያዩትን ነው ያሉት። ታዲያ የምን ሐፍረት ነው እንዲህ የሚያንገበግበኝ? እትዬን ብጠይቃቸው "እኔ ምን አውቄ፣ ፊትሽን እኔ በየቀኑ አየው የለ" አሉኝ።

ቁርስ ማቅረቡን ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ጸሎቴንም ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በልቤ አደርስ ጀመር። ሜቭራው መተላለፊያው ጫፍ ላይ ትንሽ የጠረጴዛ መብራት አኑረው "ይኸው፣ አሁን ውረጂ" ቢሉኝም አልወረድኩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ሲጋራ ሊገዙ ሲወጡ የባለቤታቸው በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት። አንሶላ ተሸክሜ ሳልታይ ላልፍ ስል ጠሩኝ። ማበጠሪያ ይዘዋል።

"በአንድ እጅ አልሆነልኝም" አሉ። "ባለቤቴ ደግሞ ሲያበጥር እንደ ፈረስ ነው የሚያደርገኝ። ትረጂኛለሽ?"

ከኋላቸው ቆሜ አበጠርኳቸው። ፀጉራቸው ስስ ነው፤ እንደ ሕፃን ፀጉር ከጣት ያመልጣል። ከዚያ ሳይዞሩ፣ መስኮቱን እያዩ ተናገሩ።

"ያን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ያልኩትን ሰምተሽኛል።"

"ምንም አይደለም" አልኩ።

"ምንም ማለትማ አይደለም። በየቀኑ ሻይ ታቀርቢልኛለሽ። ፊትሽን አውቀዋለሁ። እንዴት እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሰብኩት ቁጥር አፍራለሁ። ይቅር በይኝ።"

ትልቅ ሰው፣ ያውም በእኔ ምክንያት እጃቸው የተሰበረ፣ እኔን ይቅርታ ሲለምኑ መስማት አልቻልኩም። በእኛ ደንብ ይህ ተገልብጦ የተሠራ ነገር ነው። ማበጠሪያውን ጥዬ ዞሬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

እሳቸውም ደንግጠው እግራቸውን ሰበሰቡ። "ምን ወደቀ?" አሉ። "ፒን ነው? ተጠንቀቂ እንዳይወጋሽ።" እና በደህናው እጃቸው ምንጣፉን አብረውኝ ይፈልጉ ጀመር።

ምን ማለት እችላለሁ? "አዎ፣ ፒን ነው" አልኩ። የሌለ ፒን አብረን ፈለግን። ከዚያ ፀጉራቸውን ጨርሼ ወጣሁ። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሳይገባ ሄዱ፤ ሲሄዱ በሩ ላይ አቅፈውኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

የመኖሪያ ወረቀቴ ሲወጣ ወደ ሮተርዳም ሄድኩ። እዚያ አገባሁ፤ ልጅ ወለድኩ፤ ከከተማዋ አጠገብ ካፔለ ውስጥ ቤት አገኘን፤ እኔም በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ተቀጠርኩ። እትዬ አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት የሚባል ሰፈር ገቡ፤ በየእሁዱ በስልክ እንገናኛለን። ሜቭራው ማረፋቸውንና ፔንሲዮኑ ለወንድማቸው ልጅ መተላለፉን ከሰው ሰማሁ። ያ ክረምት ከሌሎቹ ክረምቶች ጋር ተደራርቦ ሩቅ ሆነ።

ልጄ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው፤ አንድ ሰኞ በሥራ ቦታ የምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ሆላንዳዊት ባልደረባዬ ቅዳሜና እሁድን ስኸቬኒንገን እንዳሳለፈች ታወራለች። ስፖክ ያለበት ቤት ነው ያደርነው አለች፤ ስፖክ ማለት ጣረሞት ነው። ሁሉም ወንበሩን አስጠጋ።

"ከመቶ ዓመት በፊት በመርከብ የመጣች ጥቁር አገልጋይ ነበረች" አለች። "መርከበኛ ወዳጇን ስትጠብቅ ባሕር በላት። ማለዳ ማለዳ ነጭ ለብሳ በመስኮቱ ቆማ ታንሾካሽካለች። ስትዞር ፊት የላትም፤ ዓሣ በልቶታል።"

ሰው ሁሉ "ኡህ!" አለ። ሳንድዊቼ አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነ። "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ያልኩት ቃል ነው፤ አንዴ ብየዋለሁ። አሁን ግን ልጅ ያለኝ፣ ሥራ ያለኝ፣ ሰው በስሜ የሚጠራኝ ሴት ነበርኩና ከዚያ ቀን ይልቅ ከበደኝ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ምን እያለች ነው የምታንሾካሽከው?"

"የመርከበኛውን ስም ነው አሉ።"

ማታ ለእትዬ ደውዬ ነገርኳቸው። እንደ ድሮው የሚስቁ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም።

"የእመቤታችንን ውዳሴ የመርከበኛ ስም አደረጉት?" አሉ። "ሂጂና ንገሪያቸው።"

"ምን ብዬ፣ እትዬ?"

"እኔ ምን አውቄ! እንደ አመጣልሽ።"

ልጄ ስልኩን ሰምታ ነበርና ቅዳሜ ካልሄድን ብላ አስጨነቀችኝ። በባቡር ሄግ ወርደን ትራም ያዝን። ባሕሩ ያው ባሕር ነው። ፔንሲዮኑ ቀለም ተቀብቷል፤ የሜቭራው ወንድም ልጅ ጆሮው ትልልቅ፣ ትሑት ወጣት ነው። ጣረሞቷን ለማየት እንደ መጣን ስንነግረው ደስ ብሎት ራሱ ወደ ላይ መራን።

መተላለፊያው ጫፍ ላይ፣ እኔ እቆምበት የነበረው ቦታ ላይ፣ የልብስ ሱቅ አሻንጉሊት አቁሞ ነጭ መጋረጃ አከናንቧታል። ጀርባዋን ሰጥታናለች። ወጣቱ ታሪኩን ይነግረን ጀመር። ልጄ አልጠበቀችውም፤ ሄዳ ዞራ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ከሥር አየች። አሻንጉሊቷ ለስላሳ እንቁላል የመሰለ ራስ ነው ያላት።

"ይቺማ አንቺን አትመስልም" አለችኝ በአማርኛ። ወጣቱን ደግሞ በሆላንድኛ "እዚህ የቆመችው እናቴ ናት" አለችው። "ጸሎት እያደረገች ነበር።"

ወጣቱ ሳቀ። ከዚያ እኔን አየ። በአጭሩ ነገርኩት፤ ነጠላውን፣ መስኮቱን፣ የአክስቱን ወጥ ቤት። እየተናገርኩ ሳለ እነዚያ ትልልቅ ጆሮዎቹ ቀልተው ብርሃን የሚያሳልፉ መሰሉ።

"አክስቴ እንዲህ ያለ ነገር ነግራኝ አታውቅም" አለ። "እኔ የሰማሁት ከእንግሊዝ እንግዶች ነው። አንድ ሽማግሌ በየልደቱ ይተርከው እንደ ነበር ነገሩኝ። ቤቱን ጠይቀው መጡ፤ ከዚያ ሌሎችም መጡ። መርከበኛውንና ዓሣውን... እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

ሽማግሌው እንግዲህ ታሪኩን ወደ አገራቸው ይዘውት ሄደዋል። መተላለፊያውን ወስደዋል፤ ጩኸቱን ወስደዋል። ነጠላዬን ይዤ ወጥ ቤት በር ላይ የቆምኩትን ግን እዚያው ትተውታል። ታሪካቸው "ዞረች" ላይ ነው የሚያልቀው።

"ላንሣው?" አለ ወጣቱ መጋረጃውን ይዞ። "ከፈለጉ አሁኑኑ አነሣዋለሁ።"

"አይ፣ ይቆይ" አልኩት። "እንግዶች አሉህ። ስላስቸገርንህ ይቅርታ።"

ይቅርታው ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ወጣቱ ኬክ ልጋብዛችሁ ቢል እምቢ ብለን ወጣን። ልጄ እስከ ትራሙ ድረስ አልተናገረችኝም። ከተቀመጥን በኋላ ዞር አለች።

"ለምን ይቅርታ አልሽው? አንቺ ምን አደረግሽ?"

ይሉኝታ የሚለውን ቃል በሆላንድኛ ፈለግኩት፤ የለም። በአማርኛ ብነግራትም ነገሩ አይገባትም። "ሰው እንዳይከፋው ብዬ ነው" አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልጄ በእኔ አፍራ እንደ ነበር ያወቅሁት ከትከሻዋ ነው። በሮተርዳም ባቡር ላይ ሳለን ጭኔ ላይ ተኛችና ትንሽ ተነፈስኩ።

ሰኞ ዕለት ሥራ ስገባ ባልደረባዬን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች። "እዚያው ተቀምጠሽ ስትሰሚኝ ነበር!" አለች። ይቅርታ ልትለኝ ስትል ቀድሜ "ተይው" አልኳት። እሷ ግን አልተወችውም፤ ከሰዓት በኋላ አረጋውያኑ ሻይ ሲጠጡ ክንዴን ይዛ መሀላቸው አስቀመጠችኝ። "እውነተኛውን ንገሪያቸው" አለች።

ነገርኳቸው። ተረት የመንገር ችሎታ የለኝም። ሆላንድኛዬም እየተሰባበረ አስቸገረኝ፤ "ዞርኩ" የሚለው ላይ ስደርስ ማንም አልደነገጠም፤ አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ብስኩት አቀብይኝ አሉ። ላቆም ነበር። ልጄ ትዝ አለችኝና ቀጠልኩ። ወጥ ቤቱን ነገርኳቸው። ማበጠሪያውን፣ የሌለውን ፒን ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።

ስጨርስ ከማዕዘን የተቀመጡ፣ ብዙም የማይናገሩ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"እጃቸው ዳነ ወይ?" አሉኝ።

"ይቅርታ?"

"የሴትዮዋ እጅ። በዚያ ዕድሜ አጥንት ቶሎ አይገጥምም። ዳነላቸው?"

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ፊቴን ሳስብ ኖሬያለሁ። የሴትዮዋን እጅ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። በር ላይ ሲያቅፉኝ ጄሶው ጀርባዬ ላይ ከብዶኝ ነበር፤ "እንዴት ሆነልዎት?" ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

"አላውቅም" አልኳቸው፤ ኩባያዎቹንም መሰብሰብ ጀመርኩ።